መብራት ሲጠፋ የሚተኛ ዘበኛ፦ ሱሉልታ ላይ ለሰባት ወራት የሞከርኩት የጋዝ ጠቋሚ

ከእንጦጦ ጀርባ የምትገኘው ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ሌሊቶቿ ውርጭ የሚጥልባቸው ናቸው። አዲስ አበባ እየሠራን በቤት ኪራይ ምክንያት ወደዚህ የወጣን ሰዎች ቶሎ የምንለምደው ክፉ ልማድ፣ ቡና የተፈላበትን ፍም ሳናጠፋ ከነምድጃው ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ነው። ባለፈው ታኅሣሥ በግቢያችን ሰርቪስ ቤት የሚኖር አንድ ወጣት ተከራይ በዚሁ ልማድ ሊሞት ለጥቂት ተረፈ፤ ጎረቤቱ ጠዋት በሩን ደጋግማ አንኳኩታ መልስ ስታጣ ሰው ጠርታ ባታስከፍተው ኖሮ፣ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እኔም በሳምንቱ መርካቶ ወርጄ ይህን የጋዝ ጠቋሚ ገዛሁ። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ዕቃውን ሰክቼ ብቻ አልተውኩትም፤ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ፈትኜዋለሁ፣ አስተያየቴም ከዚያ የመነጨ ነው።

ዕቃው ከሳሙና ማስቀመጫ ብዙም የማይበልጥ ነጭ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ያለ ገመድ በቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካል። ፊቱ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን፣ ሦስት መብራቶችና አንድ መሞከሪያ ቁልፍ አሉት። ማሸጊያው የምግብ ማብሰያ ጋዝንም ካርቦን ሞኖክሳይድንም እንደሚለይ ይናገራል፤ ሻጩ ደግሞ ከማሸጊያው አልፎ «ጋሼ፣ ይኼ የማይዘው ነገር የለም» ብሎኛል። ዋጋው ከሁለት ጆንያ ከሰል ብዙም አይርቅም። ድምፁ ግን ከዋጋው በላይ ነው፤ ሲጮህ ከዋናው ቤት አልፎ ሰርቪስ ቤት ድረስ ይሰማል።

ስለ ዕቃው ብቃት ከማውራቴ በፊት የሚጠብቀን ከምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሆነ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ቢሆንም ደሙን ቀስ በቀስ ይወርሰዋል። በአካባቢያችን የጸና እምነት አለ፦ ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ፣ ደህና ከቀላ በኋላ ቢገባ አይጎዳም ይባላል። ይህ ስሕተት ነው። ዓይን የሚያቃጥለው ጭስና የሚገድለው ጋዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የቀላ ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድን በብዛት ያወጣል። ዓይናችንና አፍንጫችን በማይደርሱበት ነገር ላይ መሣሪያ የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው።

የዚህ መሣሪያ ልብ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ በወንፊት መሰል የብረት መረብ የተከደነች ሴንሰር ናት። በውስጧ የተቀባው ስስ ሽፋን ቲን ኦክሳይድ ነው፤ ይኸውም ቲን የተባለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚሰጠው ነጭ ዱቄት ነው። አሠራሩን ለተማሪዎቼ የማስረዳው እንዲህ ነው። ሽፋኑ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ክልል ሲሞቅ፣ የአየሩ ኦክስጅን በላዩ ላይ ያርፍና ከሽፋኑ ኤሌክትሮኖችን ይነጥቃል። ኤሌክትሮን ያነሰው ሽፋን ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም ቡታ ጋዝ ሲመጣ ደግሞ ያንን ያረፈውን ኦክስጅን ይዞ ይሄዳል፤ የተነጠቁት ኤሌክትሮኖች ወደ ሽፋኑ ይመለሳሉ፣ ኤሌክትሪኩም እንደገና ይፈስሳል። መሣሪያው የሚያነበው ይህንን ለውጥ ነው። እንግዲህ ሴንሰሯ ጋዙን «ታሸታለች» ብንልም፣ በእውነቱ የምታውቀው ኦክስጅኗን የሚወስድባት ነገር መምጣቱን ብቻ ነው። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ወደ ኋላ የማነሣው ቅሬታ ግማሹ ከዚህ ይመነጫል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ብራቴንና ባርዲን የተባሉ አሜሪካውያን የፊዚክስ ሊቃውንት፣ ጀርማኒየም በተባለ ኤሌክትሪክን በከፊል በሚያሳልፍ ንጥረ ነገር ገጽ ላይ ያረፈ ጋዝ የኤሌክትሪክ ጠባዩን እንደሚለውጥ አሳዩ። በ1962 ሴይያማ የተባለው ጃፓናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር፣ የቤታችን ቆርቆሮ ከሚለበጥበት ከዚንክ የሚገኘውን ዚንክ ኦክሳይድ እንደ ስስ ሽፋን ተጠቅሞ ጋዝ መለየት እንደሚቻል አሳተመ። በዚያው ዓመት ታጉቺ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ በቲን ኦክሳይድ ለሚሠራ ሴንሰር የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ያነሣሣውም በአገሩ ቤቶች ውስጥ የማብሰያ ጋዝ እየፈሰሰ የሚያስከትለው ፍንዳታ ነበር። ይህን ልብ ይሏል፦ ቲን ኦክሳይድ ወደ ቤት የገባው መጀመሪያ የሲሊንደር ጋዝን ለመጠበቅ እንጂ የምድጃን ፍም ለመጠበቅ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትልቁ መሻሻል ሽፋኑን ከናኖ ቅንጣቶች መሥራት ነው። ጥሩ እንጀራ ዓይን እንዲኖረው እንደምንፈልግ ሁሉ፣ ጥሩ የጋዝ ሽፋንም ዓይናማ መሆን አለበት፤ ድፍን ከሆነ ጋዙ ከላይ ከላይ ነክቶት ይቀራል፣ ዓይን ካለው ግን እስከ ታች ይገባል። ሆኖም ከዓይኑ ይልቅ የቅንጣቱ መጠን የበለጠ ይወስናል። ኦክስጅን ኤሌክትሮን የሚነጥቅበት ጥልቀት በቲን ኦክሳይድ 3 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ ትልቅ ከሆነ ቆዳው ብቻ ይነካል፣ ውስጡ ምንም ያልተፈጠረ ያህል ኤሌክትሪክ ማሳለፉን ይቀጥላል። ቅንጣቱ ወደ 6 ናኖ ሜትር ሲወርድ ግን ከሁለቱም ወገን የሚመጣው ንጥቂያ መሐል ላይ ይገናኛል፤ ቅንጣቱ በሙሉ ለጋዙ ተገዥ ይሆናል፣ የሽፋኑም ንቃት በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል። ይህ መጠን ምን ያህል እንደሚያንስ ለመገመት፣ 1 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባላት አንዲት ጤፍ ላይ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ቢደረደሩ ከ160 ሺህ በላይ ይሰለፋሉ። ችግሩ እነዚህ ደቃቅ ቅንጣቶች ለወራት በሙቀት ሲኖሩ እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ያድጋሉ፤ ሲያድጉም ንቃታቸው ይቀንሳል። ለዚህ ነው ርካሽ ሴንሰር በመጀመሪያው ሳምንት ጎበዝ ሆኖ በዓመቱ የሚደክመው።

አሁን ወደ ፈተናው ልግባ። በመጀመሪያ ማእድ ቤት፣ ከሲሊንደሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ባለ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ዝቅ ያደረግሁት ቡታ ጋዝ ከአየር በእጥፍ ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወለሉን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ያልተለኮሰ የሲጋራ ላይተር አስጠግቼ ትንሽ ጋዝ ስለቅበት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጮኸ። ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ሆን ብዬ ያላዘጋጀሁት ፈተና ነው። ሲሊንደር በተቀየረ ማግስት ገና እኛ ሳንሸት ማታ ላይ ጮኸ፤ መጀመሪያ ተበሳጨሁ፣ በኋላ የሳሙና አረፋ በመገጣጠሚያው ላይ ስቀባ አረፋው መንፋት ጀመረ። የተበላሸው የጎማው ማሰሪያ ነበር። በዚህ በኩል ዕቃው ገንዘቤን መልሷል ብል አላጋነንኩም።

በካርቦን ሞኖክሳይድ በኩል ግን ምስክርነቴ ይለወጣል። በፋብሪካ ደኅንነት ክፍል ከሚሠራ ወዳጄ በኤሌክትሮኬሚካል ሴል፣ ማለትም ጋዙ በሚፈጥረው ኬሚካዊ ለውጥ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ሴል፣ የሚሠራ የእጅ መለኪያ ተውሼ፣ በሩና መስኮቱ በተከፈተ በረንዳ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ከምድጃ የወጣ ፍም አቀረብኩላቸው። የተዋስኩት መለኪያ ወዲያው ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ጀመረ። የእኔ ጠቋሚ ዘግይቶ ተነሣ፣ ከተነሣ በኋላም ቁጥሩ ይዘል ነበር፤ ፍሙ ከተወሰደ በኋላም ለረጅም ጊዜ አልወረደም። ይህ በከፊል ከጠባዩ ነው። ቲን ኦክሳይድ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከሌሎች ጋዞች ለይቶ የሚያየው ሲሞቅ ሳይሆን ቀዝቀዝ ሲል ነው። በዚህ ምክንያት በደንብ የተሠሩ መሣሪያዎች ማሞቂያውን ያፈራርቁታል፤ በገበያው ኤምኪው 7 ተብሎ የሚታወቀው ሴንሰር ለምሳሌ 60 ሰከንድ በ5 ቮልት ሞቆ ራሱን ያጸዳል፣ ከዚያ 90 ሰከንድ በ1.4 ቮልት በርዶ ይለካል። የእኔን ከፍቼ ማሞቂያውን በመልቲሜትር ስለካው ቮልቴጁ አይለዋወጥም፤ አንዲቷን ሴንሰር ያለማቋረጥ አሙቀው ለሁለቱም ጋዝ እንድታገለግል አድርገዋታል። በአንድ ብረት ምጣድ እንጀራም ጋግሩ፣ ሽሮም ሥሩ እንደማለት ነው፤ ይቻል ይሆናል፣ እንጀራው ግን እንጀራ አይሆንም።

የሐሰት ጩኸቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሴንሰሯ የምታውቀው ኦክስጅኗ መወሰዱን ብቻ ነው ብያለሁ፤ እንግዲህ የእኛ ቤት ደግሞ ኦክስጅን የሚወስድ ነገር የማይጠፋበት ቤት ነው። እጣን ሲጨስ ይጮኻል። ጎረቤታችን ለበዓል አረቄ ስታወጣ የአልኮሉ ትነት በመስኮት ገብቶ አስጮኸው፤ እትዬ «ይኼ ዕቃህ ደግሞ ቆራቢ ነው እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል። ቡና ሲቆላም ይጮኻል፣ ምንም እንኳ በዚህኛው ሙሉ በሙሉ ልወቅሰው ባልችልም፤ የሚቆላ ቡና ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣልና። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሲበዛ ምንም ሳይኖር መነሻ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያድራል፤ የውኃ ትነትም ሽፋኑ ላይ ያርፋልና። ጠንቃቃ አምራቾች ይህን ለመቀነስ ሽፋኑ ውስጥ ፓላዲየም የተባለ ውድ ብረት በጥቂቱ ይጨምራሉ፣ በሴንሰሩ አፍ ላይም የአልኮል ትነትን የሚውጥ የከሰል ማጣሪያ ያደርጋሉ። የከሰልን መርዝ ለመያዝ ከሰል በር ላይ መቆሙ ያስገርመኛል። በእኔ ዕቃ ውስጥ ግን ማጣሪያ አላገኘሁም። በቀን ሦስት ጊዜ በከንቱ የሚጮህ ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፦ ባለቤቴ በሁለተኛው ሳምንት ቡና ስታፈላ ከሶኬት መንቀል ጀመረች።

ከፍታችንም ድርሻ አለው። በአየራችን ውስጥ ያለው ኦክስጅን እዚህም 21 ከመቶ ነው፤ ግፊቱ ግን ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ሽፋኑ ላይ የሚያርፈው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ስለሚለወጥ፣ ባሕር ዳርቻ ባለ ፋብሪካ የተስተካከለ መነሻ እዚህ ሲደርስ ያው አይሆንም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር እንደ ትክክለኛ ልኬት አልወስደውም፤ ሲወጣና ሲወርድ ብቻ ነው የማየው። በተቃራኒው ግን ደማችን ቀድሞውንም በስስ አየር የሚኖር ስለሆነ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚህ ለመጉዳት የሚቀረው መንገድ አጭር ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ገና አልተነካም። ማሞቂያ ያለው ሴንሰር ኤሌክትሪክ ሳያቋርጥ ይፈልጋል። ፍጆታው ለቆጣሪ የሚያሳስብ አይደለም፤ የሴንሰሩ ማሞቂያ ከ1 ዋት አይበልጥም። ነገር ግን ይህ ዕቃ ባትሪ የለውም። በእኛ ሰፈር ደግሞ ከሰል ወደ ቤት የሚገባው መቼ ነው? መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት ካለ ራት በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራል፣ ክፍሉም ቢበርድ ማሞቂያ ይሰካል፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ወደ ፍም ይመለሳል፣ ለብርዱ ሲባልም መስኮት ይዘጋል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል። ልክ በዚያች ሰዓት ዘበኛው ይተኛል። መብራት ሲመለስም ሥራውን ወዲያው አይጀምርም፤ ሽፋኑ እስኪሞቅና እስኪረጋጋ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ለብዙ ቀናት ተነቅሎ ከቆየማ የዚህ ዓይነት ሴንሰር አምራቾች የሚመክሩት የማረጋጊያ ጊዜ 48 ሰዓት ነው። ጃፓን ውስጥ ለሲሊንደር ጋዝ የታሰበ ጥበብ፣ መብራት የማይቋረጥበት ቤት ታሳቢ ተደርጎ፣ ሳይለወጥ ሱሉልታ ደርሷል። የሽፋኑ ሳይንስ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ ዕቃውን የገጣጠመውና ወደ አገር ያስገባው ሰው ይህን አንድ ጥያቄ አለመጠየቁ ላይ ነው።

ሊገዙ ላሰቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። መሞከሪያ ቁልፉን ተጭነው ሲጮህ ደስ አይበልዎ፤ ቁልፉ የሚፈትነው ጩኸቱን እንጂ ሴንሰሩን አይደለም። ማሸጊያው ላይ ኢኤን 50291 የሚል የአውሮፓ ደረጃ መኖሩን ይፈልጉ። ይህ ደረጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 50 እጅ ሲሆን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ 100 ሲሆን ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ 300 ሲደርስ ደግሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲጮህ ያስገድዳል። በእኔ ማሸጊያ ላይ ይህ የለም፤ ሻጩንም ስጠይቀው የዋስትና ወረቀቱን ነው ያሳየኝ። ሌላው፣ አንዳንድ ጎረቤቶቼ ሴፕቲክ ታንክ ሲያስከፍቱ ይህን ዕቃ ሊዋሱኝ መጥተው ነበር፤ አልሰጠሁም። ጉድጓድ ውስጥ ሰው የሚጥለው በዋናነት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ኃይልን ራሱን ስለሚያደነዝዝ «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ መውረድ ሞት ነው። እርግጥ ቲን ኦክሳይድ ላይ የመዳብ ኦክሳይድ ሲጨመርበት ይህን ጋዝ እጅግ በደንብ የሚለይ ሽፋን ይገኛል፤ መዳቡ ከጋዙ ጋር ተገናኝቶ ኤሌክትሪክ ወደሚያሳልፍ ሰልፋይድ ስለሚለወጥ ምልክቱ ጉልህ ነው። ያ ግን ሌላ ሽፋን፣ ሌላ መሣሪያ ነው፤ እኔ ሶኬት ላይ የሰካሁት አይደለም።

እንግዲህ ለማእድ ቤት፣ ሲሊንደር ለሚጠቀም ሰው፣ ዕቃው ይገዛ እላለሁ። ለመኝታ ክፍል፣ ከሰል ለሚያስገባ ሰው ግን አይገዛ፤ ለዚያ በባትሪ የሚሠራውና በኤሌክትሮኬሚካል ሴል የሚለካው ዓይነት ውድ ቢሆንም እሱ ይሻላል። ሴንሰሩን በደቃቅ ሲሊኮን ላይ ሠርተው የማሞቂያውን ፍጆታ ወደ ጥቂት አሥር ሚሊ ዋት ያወረዱ አምራቾች ስላሉ፣ ቲን ኦክሳይድም በባትሪ የሚሠራበት መንገድ አለ፤ መርካቶ በዞርኩባቸው ሱቆች ግን አላየሁትም።

የእኔን አልጣልኩትም። ውስጡ ያለው ሰርኪዩት የሚሠራው በ5 ቮልት መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ለዋይፋይ ተብሎ ከሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ ጋር አያይዤው ማእድ ቤት ሲሊንደሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ መብራት ሲጠፋም ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነቅቶ ይቆያል። ቡና የሚፈላው አሁን በረንዳ ላይ ስለሆነ ባለቤቴም መንቀል ትታለች። ሰርቪስ ቤት ላለው ወጣት በባትሪ የሚሠራውን ገዝተን ከአልጋው ራስጌ ሰቀልንለት፤ ወጪውን ከኪራዩ ላይ ላስብበት ፈልጎ ነበር፣ እኔ ግን ምድጃውን ማታ ማታ ደጅ እንዲያሳድር ብቻ ተስማማን።